ሳይታይ አይፈረድም

ልጅ ስለ መዘግየትና ማህፀንን በመሣሪያ ስለ መመርመር በሬዲዮ የቀረበ ትምህርት

 

በወረታና በፎገራ ሜዳ የምትኖሩ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር በየቤቱ በሹክሹክታ የሚወራ ነው። በሹክሹክታ ስለሚወራም ብዙ ትዳር አፍርሷል። ነገሩ የልጅ መዘግየት ነገር ነው።

ይህ ንግግር ታትሞ በእጃችሁ ሲገባ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ የሚችል ለማይችል ያንብብለት። ባልና ሚስት አብራችሁ ብታነቡት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ

ሰዎቹን ለትምህርቱ ብለን ያመጣናቸው ናቸው። ነገሩን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አንድ ገበሬና ሚስቱ ከተጋቡ አራት ዓመት ሆናቸው። አብረው ሩዝ ይዘራሉ፤ አብረው ያርማሉ፤ አብረው ያጭዳሉ። ቤታቸው ሙሉ ነው። ልጅ ግን የለም። በመጀመሪያው ዓመት ማንም ምንም አላለም። በሁለተኛው ዓመት ጎረቤት ማንሾካሾክ ጀመረ። በሦስተኛው ዓመት አማትየዋ፣ «ልጄ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው ወይ?» አሉ። በአራተኛው ዓመት ሽማግሌ ተቀመጠ። ሴትዮዋ «መካን ነሽ» ተባለች። ልብሷን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ሴትዮዋን ያስመረመራት ማን ነው? ማንም የለም። ባልየውስ ተመርምሯል? እሱም አልተመረመረም። አንድ በሬ ሲጠፋ እንኳ ዱካው ይታያል፤ ምስክር ይጠየቃል። እዚህ ላይ ግን የሰው ትዳር ሲፈርስ ዱካውን ያየ የለም። ፍርዱ ብቻ ተሰጠ።

ድሮ ድሮ የማህፀንን ውስጥ ማየት አይቻልም ነበር። ዛሬ ግን ይቻላል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ነው።

እርግዝና በምን መንገድ ይመጣል?

የፎገራን ሰው ስለ ውኃና ስለ ቦይ ማስተማር አያስፈልግም። ክረምት ሲሆን ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ጎርፉ ደለል ይዞ ይመጣል። ደለሉ መሬቱን ያዳብራል። ያው ደለል ቦይ ውስጥ ሲገባ ግን ቦዩን ይደፍነዋል። ቦዩ ሲደፈን ከላይ ውኃ ሞልቶ እያለ ከታች ያለው ማሳ ይደርቃል። ታዲያ ማሳውን ብትሰድቡት ምን ዋጋ አለው? የሚያስፈልገው ቦዩ የት ላይ እንደ ተደፈነ ማየት ነው።

በሴት አካል ውስጥም ቦይ አለ። ማህፀን በታችኛው ሆድ ውስጥ ይገኛል። ካላረገዘች ሴት ላይ መጠኑ ከጭብጥ አይበልጥም። ከማህፀን በግራና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ። የእያንዳንዱ ቱቦ ርዝመት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በጠባቡ ቦታ ላይ ግን የውስጥ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቱቦዎቹ ጫፍ አጠገብ ሁለት የእንቁላል ማምረቻዎች አሉ።

በየወሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ይወጣል። እንቁላሉን ቱቦው ይቀበለዋል። የወንዱ ዘር ደግሞ በማህፀን በር ገብቶ፣ ማህፀንን አቋርጦ ወደ ቱቦው ይወጣል። ሁለቱ የሚገናኙት ቱቦው ውስጥ ነው። ከተገናኙ በኋላ ጽንሱ ወደ ማህፀን ወርዶ እዚያ ያድጋል።

እንግዲህ ለእርግዝና አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ ማለት ነው።

1. ከሴቷ ጤናማ እንቁላል መውጣት አለበት።
2. ከወንዱ ጤናማና በቂ ዘር መምጣት አለበት።
3. ቱቦዎቹ፣ ቢያንስ አንዱ፣ ክፍት መሆን አለበት።
4. ማህፀን ጽንሱን ለመቀበል የተመቸ መሆን አለበት።

ከአራቱ አንዱ ሲጓደል ልጅ ሊዘገይ ይችላል። ሁለተኛውን ነገር ልብ በሉልን። እሱ የወንዱ ድርሻ ነው። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች በብዙዎቹ ላይ ችግሩ በወንዱ በኩል፣ ወይም በሁለቱም በኩል ይገኛል። ወንድ ጉልበት ቢኖረው፣ ከሚስቱ ጋር መገናኘት ቢችልም፣ ዘሩ ጥቂት ወይም ደካማ ሊሆን ይችላል። ይህ በዓይን አይታወቅም። የሚታወቀው የዘር ፈሳሹ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። ይህ ምርመራ ቀላል ነው፤ አያምምም። ስለዚህ ሚስት ብዙ ምርመራ ከማድረጓ በፊት ባል ይህችን ቀላል ምርመራ ማድረግ ይገባዋል።

መቼ ነው ወደ ሐኪም የሚኬደው?

ባልና ሚስት መከላከያ ሳይጠቀሙ፣ ሳይለያዩ፣ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው እርግዝና ካልመጣ ወደ ሐኪም መሄድ አለባቸው። የሴቷ ዕድሜ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነ ግን አንድ ዓመት አይጠበቅም። በስድስት ወር መሄድ ይሻላል። የወር አበባዋ የሚዛባ፣ ከወር ወር የሚቀር፣ ወይም ከዚህ በፊት በማህፀን በሽታ የታመመች ሴትም ቶሎ ብትሄድ ጥሩ ነው።

«ይህ ችግር የኛ ብቻ ነው» ብላችሁ አትፈሩ፤ አትፈሩም ዘንድ ቁጥሩን እንንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ዘመን ልጅ የማጣት ወይም የመዘግየት ችግር ይገጥመዋል። በሀብታም አገርም፣ በድሃ አገርም ነው። «እ.ኤ.አ.» ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው።

አልትራሳውንድ፦ በድምፅ ማየት

ፎገራ ሜዳ ነው። ግን ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ስትወጡ ገደል ታገኛላችሁ። ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ብትጮኹ ድምፃችሁ ይመለሳል። ይህንን የገደል ማሚቶ እንለዋለን። ገደሉ ቅርብ ከሆነ ድምፁ ቶሎ ይመለሳል፤ ሩቅ ከሆነ ይዘገያል።

አልትራሳውንድ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። መሣሪያው ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሆድ ይልካል። ድምፁ ማህፀንን፣ ዕጢን፣ ውኃ የቋጠረ ነገርን ነክቶ ይመለሳል። መሣሪያው የተመለሰውን ድምፅ ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። ሥዕሉ እንደ ቴሌቪዥን ባለ መስተዋት ላይ ይታያል። ይህንን መሣሪያ ለእናቶች ምርመራ በማዋል የታወቁት በስኮትላንድ አገር፣ በግላስጎው ከተማ የሠሩት ሐኪም ኢያን ዶናልድ ናቸው። ግላስጎው መርከብ የሚሠራባት ከተማ ነበረች። በፋብሪካ ውስጥ የተደበቀ የብረት ስንጥቅ የሚፈለገው በድምፅ ነበር። እሳቸው «ብረት ውስጥ ካሳየ ሆድ ውስጥስ ለምን አያሳይም?» በሚል ሐሳብ ሞከሩት። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1958 ለዓለም አሳወቁ።

ምርመራው እንዲህ ነው። በሆድ ላይ የሚያሟልጭ ቅባት ይቀባል። ከዚያ ሐኪሙ መሣሪያውን በሆድ ላይ ያንሸራትተዋል። ለዚህ ምርመራ ብዙ ውኃ ጠጥታችሁ፣ ሽንት ይዛችሁ እንድትገቡ ይነገራችኋል። የሞላ የሽንት ፊኛ ማህፀንን አጉልቶ ለማየት ይረዳል። ሌላም ዓይነት አለ። ቀጭን መሣሪያ በብልት በኩል ገብቶ ከቅርብ የሚያይበት ነው። ለዚህኛው ሽንት መሽናት ያስፈልጋል። ይህኛው የእንቁላል ማምረቻዎችን ይበልጥ አጥርቶ ያሳያል። ሐኪሙ ፈቃዳችሁን ሳይጠይቅ አያደርገውም። ሴት ሠራተኛ አብራችሁ እንድትቆም መጠየቅ ትችላላችሁ።

አልትራሳውንድ ምን ያሳያል?

በማህፀን ላይ የበቀለ ዕጢ ካለ ያሳያል። ይህንን ዕጢ ሐኪሞች ማዮማ ይሉታል። በእንቁላል ማምረቻ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካለ ያሳያል። እንቁላሉ እያደገ መሆኑንና አለመሆኑን ያሳያል። ቱቦው ተደፍኖ ውኃ ቋጥሮ ካበጠ ያንንም ሊያሳይ ይችላል። ጤናማ ቱቦ ግን በጣም ቀጭን ስለሆነ በተለመደው አልትራሳውንድ አይታይም። ስለዚህ «አልትራሳውንድ ታየሁ፤ ደህና ነሽ ተባልሁ» ማለት ቱቦው ክፍት ነው ማለት አይደለም። ቱቦውን ለማየት ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

የማህፀን ራጅ፦ ውኃ ለቅቆ ቦይን ማየት

ራጅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አጥንት ሲሰበር የሚነሣው ፎቶ ነው። የራጅን ጨረር ያገኙት ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ናቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1895 ነበር። በዚያው ዓመት የባለቤታቸውን እጅ በራጅ አነሡ። በፎቶው ላይ የጣቶቿ አጥንትና የጣት ቀለበቷ ታየ።

ራጅ አጥንትን አጥርቶ ያሳያል። ማህፀንና ቱቦ ግን ሥጋ ናቸው። በራጅ ብቻቸውን አይለዩም። ታዲያ እንዴት ይታያሉ? እዚህ ላይ ነው የቦዩ ነገር የሚመጣው። አንድ ቦይ የት ላይ እንደ ተደፈነ ለማወቅ ምን ታደርጋላችሁ? ከላይ ውኃ ትለቁና የት ላይ እንደሚቆም ትከተላላችሁ፤ አይደለም እንዴ? ሐኪሞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታይ ፈሳሽ ወደ ማህፀን ይለቃሉ። ፈሳሹ ሲሄድ በራጅ ይከታተሉታል። እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ አገር ሐኪሞች በዚህ መንገድ ቱቦን ማየት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ፈሳሹም፣ የራጅ መሣሪያውም እየተሻሻለ መጥቷል። ሐኪሞች ይህንን ምርመራ ኤች ኤስ ጂ ይሉታል። እኛ የማህፀን ራጅ እንበለው።

የምርመራው አካሄድ እንዲህ ነው።

ሴትዮዋ አልጋ ላይ በጀርባዋ ትተኛለች። ሐኪሙ የማህፀንን በር በመሣሪያ ያያል፤ ያጸዳዋል። ቀጭን ቱቦ በማህፀን በር ያስገባል። በዚያ ቱቦ ፈሳሹን ቀስ አድርጎ ይለቃል። ወዲያው ራጅ ይነሣል። ፈሳሹ መጀመሪያ ማህፀንን ይሞላል። ማህፀን በፎቶው ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ከዚያ ፈሳሹ በግራና በቀኝ ቱቦዎች ይሄዳል። ቱቦዎቹ እንደ ክር ሆነው ይታያሉ። ክፍት ከሆኑ ፈሳሹ ከጫፋቸው ወጥቶ ሆድ ውስጥ ይበተናል። ቱቦው ከተደፈነ ግን ፈሳሹ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። አጠቃላይ ሥራው ብዙውን ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል።

ያምማል ወይ? አዎ፣ ፈሳሹ ሲገባ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ይሰማል። አንዳንዷ ጥቂት፣ አንዳንዷ ብዙ ያማታል። አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይተዋል። አስቀድሞ የሚዋጥ ማስታገሻ ካለ ሐኪሙን ጠይቁ።

ቀኑን መጻፍ ለምን ይጠቅማል?

ይህ ምርመራ በማንኛውም ቀን አይሠራም። የሚሠራው የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ ሌላ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደም ከታየበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ከ6ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለምን? ሴትዮዋ ሳታውቅ አርግዛ ከሆነ ራጁና ፈሳሹ ጽንሱን ሊጎዳው ይችላል። ለዚህም ሲባል ደም ከታየበት ቀን ጀምሮ እስከ ምርመራው ቀን ባልና ሚስት አይገናኙም።

በአገራችን ብዙ ሴቶች ቀንን የሚያስታውሱት በታቦት ነው። «ደሜ የታየው በሚካኤል ነው» ይላሉ። ጥሩ ነው። ሚካኤል ማለት 12 ነው። 12ን አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። 6ኛው ቀን 17 ይሆናል፤ እስጢፋኖስ ማለት ነው። 10ኛው ቀን 21 ይሆናል፤ ማርያም ማለት ነው። እንግዲህ ይህች ሴት ምርመራው የሚሠራላት ከእስጢፋኖስ እስከ ማርያም ባሉት ቀኖች ነው።

ማንበብና መጻፍ ሲቻል ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ደም የታየበትን ቀን በደብተር ላይ ጻፉ። ለሦስትና ለአራት ወር በተከታታይ ጻፉ። ሐኪም ከሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። ከሩቅ መጥታችሁ «ቀኑ አልፏል፤ በሚቀጥለው ወር ተመለሱ» ከመባልም ትድናላችሁ።

ሰዎች የሚጠይቁት

«ራጅ ያመክናል ይባላል፤ እውነት ነው?» አይደለም። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ጨረር ጥቂት ነው። በትክክለኛው ቀን ከተሠራ አያመክንም። አልትራሳውንድ ደግሞ ጭራሽ ጨረር የለውም።

«የማህፀን ራጅ የማይሠራላት ሴት አለች?» አዎ። እርጉዝ የሆነች፣ ወይም እርጉዝ መሆኗ የሚያጠራጥር ሴት አይሠራላትም። በዚያን ጊዜ የማህፀን በሽታ ያለባት፣ የሚሸት ፈሳሽ የሚወጣት ሴት መጀመሪያ መታከም አለባት። አለበለዚያ ፈሳሹ በሽታውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚህ በፊት ለራጅ የተሰጣት ፈሳሽ ያሳከካት ወይም ያሳበጣት ሴትም አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር።

«ከምርመራው በኋላ ምን ይጠበቃል?» ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ጥቂት ደም ሊታይ ይችላል። ግን ትኩሳት ከመጣ፣ የሆድ ሕመሙ ከጠና፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ተመለሱ።

«ከማህፀን ራጅ በኋላ ያረገዙ አሉ ይባላል፤ እንዴት ነው?» አሉ። ፈሳሹ ሲያልፍ ቱቦውን የሚያጥበው ይመስላል። በኔዘርላንድ አገር በ1,119 ሴቶች ላይ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ዘይት ያለበት ፈሳሽ ከተሰጣቸው መቶ ሴቶች 40 ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ አረገዙ። ውኃ ያለበት ፈሳሽ ከተሰጣቸው መቶ ሴቶች ደግሞ 29 ያህሉ አረገዙ። ሆኖም ምርመራው የሚደረገው ለማየት ነው። መድኃኒት ነው ብላችሁ አትሂዱ።

«ጸበል እየጠመቅሁ ነው፤ ምርመራው ይከለክለኛል?» አይከለክልም። ጸሎታችሁንም አታቋርጡ፤ ምርመራውንም አትተዉ።

ፎቶው ምን ይላል? ምንስ አይልም?

የማህፀን ራጅ ቱቦው ክፍት መሆኑንና አለመሆኑን ይናገራል። የት ላይ እንደ ተደፈነም ይናገራል። የማህፀን ውስጥ ግድግዳ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደሆነ ያሳያል። ማህፀን ከተፈጥሮው ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ያንንም ይጠቁማል።

ፎቶው የማይናገረውም አለ። እንቁላል በትክክል መውጣቱን አይናገርም። ስለ ባልየው ዘር ምንም አይናገርም። በሆድ ውስጥ፣ ከቱቦው ውጭ ያለውን ቁስል ሁሉ አያሳይም። አንዳንድ ጊዜም ፎቶው ያታልላል። ቱቦው ከማህፀን የሚነሣበት ቦታ በሕመሙ ምክንያት ተኮማትሮ ሊዘጋ ይችላል። ፈሳሹ አያልፍም። «ተደፍኗል» ይመስላል። ቱቦው ግን ደህና ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ምርመራውን በሌላ ቀን ሊደግመው ይችላል። ወይም በሆድ ላይ በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሊያይ ይችላል። ነገሩ ከጠነከረ ኤም አር አይ የሚባል ሌላ ትልቅ መሣሪያም አለ። እሱ በማግኔት ኃይል የሚሠራ ነው፤ ለሁሉም ሴት ግን አያስፈልግም።

ስለዚህ አንድ ፎቶ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። አንድ ቱቦ ተደፍኖ ሌላው ክፍት ከሆነ ሴትዮዋ ማርገዝ ትችላለች። ሁለቱም ቢደፈኑ እንኳ የተስፋ መጨረሻ አይደለም።

ከዚያ በኋላስ?

ሕክምናው እንደ ተገኘው ነገር ይለያያል። እንቁላል በጊዜው የማይወጣ ከሆነ መድኃኒት ይሰጣል። ማህፀን ውስጡ የተጣበቀ ከሆነ በመሣሪያ ይላቀቃል። ማዮማ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ካለ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ቱቦው በጫፉ ከተጣበቀ አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና ይከፈታል።

ሁለቱም ቱቦዎች ከተበላሹ ሌላ መንገድ አለ። እንቁላሉና የወንዱ ዘር ከአካል ውጭ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ እንዲገናኙ ይደረጋል። ከዚያ ጽንሱ ወደ ማህፀን ይመለሳል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ የተወለደችው በእንግሊዝ አገር፣ ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ስሟ ሉዊዝ ብራውን ይባላል። እናቷ ያስቸገራት ምን ነበር? ቱቦዎቿ የተደፈኑ ነበሩ። በአገራችንም በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይህንን ሕክምና የሚሰጥ የመንግሥት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ሕክምናው ብዙ ምልልስ ይጠይቃል፤ ሁልጊዜም አይሳካም። ግን መንገዱ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለን። ቱቦዋ የተጎዳ ሴት ስታረግዝ ጽንሱ ቱቦው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ይህ ለሕይወት አደገኛ ነው። የወር አበባ ቀርቶ በአንድ በኩል ከባድ የሆድ ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት ከመጣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

ቦዩን የሚደፍነው ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በ25 አገሮች ልጅ የዘገየባቸውን ጥንዶች አስጠንቶ ነበር። በአፍሪካ ሴቶች ላይ የተገኘው ዋና ነገር በበሽታ ምክንያት የመጣ የቱቦ መደፈን ነበር። ቱቦን የሚደፍኑት በሽታዎች ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። ጨብጥና ክላሚዲያ ዋናዎቹ ናቸው። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ከወሊድ በኋላ ወይም ንጽሕና በጎደለው ውርጃ የሚመጣ ቁስለትም አለ። የሳንባ ነቀርሳ በሽታም ወደ ቱቦ ወርዶ ሊደፍነው ይችላል።

ስለዚህ የሚሸት ፈሳሽ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ሲመጣ አትደብቁት። በጊዜ ታከሙ። ባልና ሚስት አብረው ይታከሙ። አንዱ ታክሞ ሌላው ቢቀር በሽታው ይመለሳል። ብዙ ጊዜ በሽታውን ወደ ቤት የሚያስገባው ባል ሆኖ ሳለ «መካን» የምትባለው ሚስት ናት። ይህ ፍርድ ነው ወይ? ወጣቶችም ከጋብቻ በፊት ይህንን ይወቁ። ልጃገረዶችን ያለ ዕድሜያቸው መዳርም ይቅር። አካሏ ሳይጠና የምትወልድ ልጅ በምጥ ትጎዳለች፤ ከወሊድ በኋላም ለሚመጣ ቁስለት ትጋለጣለች።

ከወረታ ሲነሡ

መጀመሪያ በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማክሩ። ከዚያ ወረታ ወደ ጤና ጣቢያው ሂዱ። የሪፈር ወረቀት ካስፈለጋችሁ እዚያ ይጻፍላችኋል። ወረታ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት። ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር፣ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር፣ ጎንደር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በሦስቱም ከተሞች ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ይገኛሉ። ከመነሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የማህፀን ራጅ በዚያን ሰሞን ይሠራል ወይ? ዋጋው ስንት ነው? በየትኛው ቀን እንምጣ? የመንገዱንም ሁኔታ አጣሩ።

ስትሄዱ ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። ቀን የጻፋችሁበትን ደብተር ያዙ። ሲጨርሱ ፎቶውንና የውጤቱን ወረቀት ተቀበሉ። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ሐኪሙን «በአማርኛ ንገሩን» በሉት። ሳትረዱ አትውጡ። ፎቶውን ውኃ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ። ምርመራውን ሁለተኛ ከመክፈል ያድናችኋል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ

ያችን ወደ አባቷ ቤት የሄደችውን ሴት አስታወሳችኋት? እንበልና ባልየው ይህንን ትምህርት ሰማ። ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። አብረው ሄዱ። መጀመሪያ እሱ ተመረመረ። ዘሩ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። እሷ አልትራሳውንድ ታየች፤ የማህፀን ራጅ ተነሣች። የቀኝ ቱቦዋ ተደፍኗል፤ የግራው ክፍት ነው። እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? ማንም አይደለም። ሁለቱም ታካሚዎች ናቸው። ልጅ ይወልዱ ይሆናል፤ ላይወልዱም ይችላሉ። ነገር ግን እውነቱን አብረው ያውቁታል። አማትየዋም፣ ሽማግሌዎቹም አፋቸውን ይሰበስባሉ። ትዳሩ አልፈረሰም።

ውድ አድማጮቻችን፣ የትምህርታችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ማሳውን ከመስደብ በፊት ቦዩን ማየት ይገባል። ሳይታይ አይፈረድም።

በሚቀጥለው ትምህርታችን እስክንገናኝ ጤና ይስጥልን።

የቃላት ፍቺ

መካን — ልጅ መውለድ የማይችል ሰው፤ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል።
ራጅ — የአካልን ውስጥ በጨረር የሚያሳይ ፎቶ።
አልትራሳውንድ — የአካልን ውስጥ በድምፅ የሚያሳይ መሣሪያ።
ማዮማ — በማህፀን ላይ የሚበቅል ዕጢ።
ሪፈር — ታካሚ ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚላክበት ወረቀት።

አንብባችሁ ተወያዩ

1. ልጅ ሲዘገይ መጀመሪያ ቀላሉን ምርመራ ማን ያድርግ? ለምን?
2. አልትራሳውንድ የማያሳየው፣ የማህፀን ራጅ የሚያሳየው ምንድን ነው?
3. ደም የታየው በ5 ቢሆን የማህፀን ራጅ ከስንት እስከ ስንት ባሉት ቀኖች ይሠራል? ቆጥራችሁ ጻፉ።
4. በእናንተ ሰፈር ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ቢኖሩ ምን ትመክሯቸዋላችሁ?